ከባሕር ውሃ ማጣሪያ በተረፈ ጨው ሙቀት ማጠራቀም

ከተረፈ ጨው አብዛኛው የገበታ ጨው ነው፤ የሚቀልጠው ግን በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ለአነስተኛ ሥራ አይመችም። እኔ የፈለግሁት በ117 ዲግሪ የሚቀልጠውንና ሲረጋ (መልሶ ሲጠጥር) በኪሎ 165 ኪሎጁል ገደማ የሚመልሰውን ማግኒዚየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት (ውሃ በውስጡ ያሰረ የማግኒዚየም ጨው) ነው። እሱ የሚገኘው የገበታ ጨው ጠጥሮ ከሥር ከወረደ በኋላ በሚቀረው መራራ ፈሳሽ ውስጥ ነው።

በሊትር 70 ግራም ያህል ጨው ያለው 100 ሊትር ተረፈ ውሃ ጥልቀት በሌለው ጥቁር ትሪ ፀሐይ ላይ አተነንኩ። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎ ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት)፣ እፍግታው በሊትር 1.21 ኪሎ ሲደርስ የገበታ ጨው ይወርዳል። ጨዉን እያወጣሁ እስከ 1.25 ቀጠልኩ።

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው በመራራው ፈሳሽ ውስጥ የቀረው ሰልፌት ነው። ካልወጣ የማግኒዚየሙን ሲሶ ያህል ይዞ ይቀራል፣ ቅልጡም 117 ላይ ጥርት ብሎ አይረጋም። 400 ግራም ውሃ አልባ ካልሲየም ክሎራይድ በውሃ አሟሙቼ ጨመርኩ፤ ሰልፌቱ ጂፕሰም ሆኖ እንዲወርድ አሳድሬ በጨርቅ አጠለልኩ። የመጨረሻውን ሩብ በጥቂት በጥቂቱ ነው የጨመርኩት፤ የጠራ ፈሳሽ ላይ ጠብታ ሲያርፍ ነጭ ደመና መታየቱ ሲቀር ይበቃል። ካልሲየም ከበዛ እሱም ቆሻሻ ነው።

ከዚያ ባልተሰነጠቀ የኢናሜል ድስት አፈላሁት። ክሎራይድ የማይዝገውን ብረት እንኳ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ሲፈላ የሚወርደውን ጨው በትኩሱ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ፖታሲየሙ ካርናላይት (የፖታሲየምና የማግኒዚየም ድርብ ጨው) ሆኖ ጥቂት ማግኒዚየም ይዞ ይሄዳል። መድረሱን የማውቀው በጠብታ ነው፦ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ከፈሰሰች ገና ነው፤ እንደ ሰም ከጠጠረች ድስቱ ወዲያው ከእሳት ይወርዳል። አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ከመጣ ጨው እየፈረሰ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየወጣ ነው፤ ሥራው በክፍት አየር፣ በመነጽርና በጓንት ይሁን።

ማግኒዚየሙ ሁሉ ቢሰበሰብ በስሌት 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በጨዉ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስላለ እጅ የሚገባው ያንሳል።

ቅልጡን ሙቀት በሚችሉ ብርጭቆዎች፣ ሲቀልጥ ስለሚሰፋ 15 በመቶ ባዶ ትቼ፣ ጥብቅ ክዳን ገጥሜ ሞላሁ። 0.5 በመቶ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ጨመርኩበት፤ ያለዚያ ከ117 በታች ወርዶም ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ሙቀቱም በሚፈለግበት ሰዓት አይወጣም። ማሞቂያውን 130 ላይ ገደብኩ። እያንዳንዱን ብርጭቆ ከየማሞቅና ማቀዝቀዝ ዙሩ በኋላ መዝኑ፦ የጎደለው ክብደት ያመለጠ ውሃ ነው፣ ልክ ያንኑ መመለስ ያድነዋል። ክዳኑ ከላላ ደግሞ ሲቀዘቅዝ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል።

ከ5 ኪሎ የማያንሰው የገበታ ጨው ሳይቀልጥ እንደ ጠጠር ሙቀት ይይዛል። በደንብ ፈጭቼ፣ ቀስ እያልኩ፣ ተከድኖ ነው የማሞቀው፤ በፍሬው ውስጥ የታሰረ ውሃ ድንገት ሲተንን እየተንጣጣ ይፈናጠራል።