ቪዲዮ ሲቆራረጥ፣ ራም ከመግዛትዎ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው «ኮምፒውተሬ ቪዲዮ ሲያጫውት ይቆራረጣል» ብሎ ምክር ቢጠይቅ፣ ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ ሱቆች ጀምሮ እስከ ሰፈር ልጆች ድረስ የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «አቦ፣ ራም ጨምርበት!» ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማህደር ነው፤ ምክሩም አልፎ አልፎ ይሠራል፣ በተለይ ኮምፒውተሩ ያለው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ብራውዘሩ በርካታ ገጾችን ከፍቶ ሲቀመጥ። ከዚያ ውጭ ግን ቪዲዮ ማጫወት ያን ያህል ራም የሚፈልግ ሥራ ስላልሆነ፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩም ባለበት ይቀጥላል። በቤታችን ዴስክቶፕም ሆነ በዘመድ አዝማድ ላፕቶፖች ላይ እንዳየሁት፣ አብዛኛው መቆራረጥ ምንጩ ሌላ ነው፤ ምንጩንም ምንም ነገር ሳይገዙ መለየት ይቻላል።

በመጀመሪያ የመቆራረጡን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ቪዲዮው ከኢንተርኔት የሚመጣ ሆኖ መሃሉ ላይ ክብ ምልክት እየዞረ ድምፁም ምስሉም አብረው የሚቆሙ ከሆነ፣ ጉዳዩ የኔትወርክ ነው፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ወይም ቀድሞ ማውረድ ይበቃዋል። ድምፁ ሳይቋረጥ እየተሰማ ምስሉ ብቻ የሚዘል ወይም ከድምፁ ኋላ የሚቀር ከሆነ ግን፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን በሰዓቱ ማድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ስታትስ ፎር ኔርድስ» የሚለውን ቢከፍቱ፣ ሳይታዩ የተጣሉት ፍሬሞች (ቪዲዮውን የሚሠሩት ተከታታይ ነጠላ ምስሎች) ብዛት ከጠቅላላው ጋር ይነበባል። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ የሚጠቀም ሰውም «ቱልስ» ውስጥ ከኮዴክ (የቪዲዮው አጨማመቅ ስልት) መረጃው ጋር ባለው የስታቲስቲክስ ገጽ ላይ የጠፉትን ፍሬሞች ያገኛል። ቁጥሩ ቪዲዮው ሲጀምር ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ የሚያሳስብ አይደለም፤ በየሰከንዱ የሚጨምር ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው ምርመራ መሄድ ይገባል።

ቪዲዮ በፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው፤ ለማየት መፈታት አለበት። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ፈትቶ ስክሪኑ ላይ ለማውጣት ያለው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ60 ፍሬም ሲሆን ወደ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ 1080 የሚባለው ምስል 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ሲኖሩት፣ 3840 በ2160 የሆነው ፎር ኬ ከ8 ሚሊዮን በላይ አለው። ይህን ሁሉ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ፣ በራሱ ጉልበት ሊፈታው ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬ በሥራ ላይ ባሉት ኮምፒውተሮች ግራፊክስ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ስላለ፣ ሥራው ለእሱ ሲሰጥ ፕሮሰሰሩ እፎይ ይላል። ችግሩ ይህ ክፍል የሚያውቀው እሱ በተሠራበት ዘመን የነበሩትን የአጨማመቅ ስልቶች ብቻ መሆኑ ነው። በ2003 የወጣውን ኤች.264ን የማይፈታ ኮምፒውተር አሁን ብዙም አይገኝም። በ2013 የወጣው ኤችኢቪሲ፣ ማለትም ኤች.265፣ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል በተሟላ ሁኔታ የገባው ከስድስተኛው ጄኔሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ነው፤ 10 ቢት የሚባለው ዓይነቱና ዩቲዩብ የሚጠቀምበት ቪፒ9 ደግሞ ከሰባተኛው ወዲህ ነው። በ2018 የመጣው ኤቪ1 እስከ አስራ አንደኛው ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ጄኔሬሽኑን ለማወቅ ሻጭ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ኮር አይ5-4570 ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 4 አራተኛ ጄኔሬሽን መሆኑን ይናገራል።

ይህ ጉዳይ በግልጽ የሚታየው በሠርግ ቪዲዮ ነው። ቀራጩ በፎር ኬና በኤችኢቪሲ አውጥቶ በፍላሽ ያስረክባል፤ ቤት ያለው ደግሞ ያገለገለ አራተኛ ጄኔሬሽን ዴስክቶፕ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲከፈት፣ ኬክ ሲቆረስና ሰው ተሰልፎ ፎቶ ሲነሳ ቪዲዮው ሰላም ነው፤ ጭፈራው ሲጀመርና ድሮኑ ከላይ ሲዞር ግን መንተባተብ ይጀምራል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ቀረጻው ነው የተበላሸው» ይላል፤ ሆኖም ቦታው መቀያየሩ በራሱ ማስረጃ ነው። በማይንቀሳቀስ ምስል ውስጥ ከፍሬም ወደ ፍሬም የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ የሚፈታው ሥራ ያንሳል፤ በጭፈራው ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለወጥ አቅም የሌለው ፕሮሰሰር እዚያ ላይ ይያዛል። በነገራችን ላይ ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ገልብጦ መሞከር መቅደም አለበት፤ ደካማ ፍላሽ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና።

ኮምፒውተሩ አዲስ ጄኔሬሽን ሆኖ ሳለም የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሲሆን የምጠረጥረው በቅርቡ ፎርማት መደረጉን ነው። ዊንዶውስ ተጭኖ የግራፊክሱ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ካልተጫነ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ይገኛል፤ በዚህ ጊዜ ያ ልዩ ክፍል ኖሮም እንደሌለ ነው። ድራይቨሩ ካለ፣ ቪዲዮው እየሄደ በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ታስክ ማኔጀር ውስጥ በጂፒዩ (ግራፊክሱ) ስር ያለውን «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን መስመር መመልከት ነው። መስመሩ መሬት ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት የሚጮህ ከሆነ፣ በማጫወቻው ወይም በብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ የሃርድዌር አክስለሬሽን ምርጫው፣ ማለትም ሥራውን ለዚያ ልዩ ክፍል የሚሰጠው፣ መከፈቱን ማየት ይገባል።

ስለ ሙቀት ግን የድሬ ሰው ከሌላው የበለጠ መጨነቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፕሮሰሰር የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው፤ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚሠራ ፕሮሰሰር ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን 70 ላይ ይቆያል፣ ክፍሉ 36 ሲሆን ግን 86 ይደርሳል። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ቪዲዮውም የሚቆራረጠው ያኔ ነው። እንዳለመታደል ሆኖ እኛ ፊልም የምናየው በአብዛኛው ከምሳ በኋላ፣ በበርጫ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ጣሪያውን ካጋለች በኋላ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ቪዲዮ ከሰዓት ከተቆራረጠ፣ ወይም ፊልሙ ደህና ጀምሮ ቆይቶ ከተበላሸ፣ ሙቀትን መጠርጠር ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩን ቡፌ ውስጥ አስገብቶ ዳንቴል ማልበስ ያሳምረው ይሆናል፤ አየር ግን ይከለክለዋል። በደቻቱ ወንዝ በኩል የሚነሳው አሸዋና አቧራም ከፋኑ ሥር ያለው ማቀዝቀዣ ብረት ክንፎች መሃል ገብቶ እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው፤ ለዓመታት ያልተከፈተ ከሆነም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ማስቀየር ይገባል። ፔስቱ ከራም በብዙ ይረክሳል።

አንድ ፍሬም እንኳ ሳይጣል የሚታይ መንቀጥቀጥም አለ። በ25 ፍሬም የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ሲታይ፣ 60 ለ25 በሙሉ ቁጥር ስለማይካፈል ገሚሱ ፍሬም ሁለት ጊዜ፣ ገሚሱ ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ዓይን ይይዘዋል። ስክሪኑ የሚፈቅድ ከሆነ በዲስፕሌይ ሴቲንግ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ መታደስ) ላይ ማድረግ ያስተካክለዋል።

አሮጌው ኮምፒውተር በምንም መንገድ ኤችኢቪሲን የማይፈታ ከሆነ፣ የተሻለው መንገድ ቀራጩ ከፎር ኬው ጎን በ1080 ኤች.264 የወጣ ሁለተኛ ቅጂ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው፤ ክፍያው ሳያልቅ ቢጠየቅ ደግሞ ይመረጣል። ቀራጩ ካልተገኘ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በቤት መቀየር ይቻላል፤ ሥራው በአሮጌ ፕሮሰሰር ሰዓታት ስለሚፈጅ ሌሊት ማስጀመሩ ይሻላል። የሚወጣውን ፋይል ዓይነት ከኤምፒ4 ይልቅ ኤምኬቪ እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ያላለቀ ኤምፒ4 ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አይከፈትም፣ ኤምኬቪው ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ሊታይ ይችላል።