አጎቴን ለቡ ስሸኝ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ባቡሩ ከለቡ ጣቢያ የሚነሳው ከነጋ በኋላ ነው። አጎቴ ግን መዘግየት አይወዱም። 14 ዓመት ሂውስተን ውስጥ ቫን ነድተዋል። ሥራቸው ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ጋልቬስተን ወደብ ማድረስ ነበር፤ የሽርሽር መርከብ ጋ፣ ክሩዝ የሚባለው። "መርከብ አምልጦት ወደብ ላይ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ የጫማቸውን ክር እያሰሩ። የት አይቼ!

ራይድ ጠራን። ሾፌሩ "ፋዘር፣ ለእኔ ይስጡኝ" ብሎ ሁለቱንም ሻንጣ ጫነ። መንገዱ ባዶ ስለነበር አራት ኪሎ መቼ እንዳለፈ አላወቅነውም። ለገሃር ስንደርስ አጎቴ አንገታቸውን አዙረው አዩት።

"በልጅነቴ ድሬዳዋ የምንሄደው ከዚህ ነበር። አሁን ምን ሆነው ነው እዚያ ጫፍ የወሰዱት?"

የድሮው ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃርም የከተማው ዳር እንደነበረ ነገርኳቸው። ከተማው ነው ቀስ በቀስ እየሰፋ የዋጠው።

"እንግዲያው ለቡንም ይውጠዋል" አሉ።

ሊውጠው ምን ቀረው? ሜክሲኮን፣ ሳር ቤትን አልፈን ወደ ለቡ ስንጠጋ በግራም በቀኝም ፎቅ ብቻ ነው። ሾፌሩ ፎቆቹ መሀል ይዞን ገባና ቆመ። "ደርሰናል።" የት? ለቡ ሙዚቃ ቤት! የባቡር ጣቢያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። "ለቡ አላላችሁም እንዴ?" ብሎ እኛኑ ወቀሰን። ስልኩን እያገላበጠ፣ የጥበቃ ሠራተኛ እየጠየቀ 25 ደቂቃ አዞረን። አጎቴ አልተቆጡም። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ በጊዜ እንውጣ ማለታቸው ልክ ሆነላቸዋ።

ጣቢያው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሕንፃ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ መንገደኛው የሚሳፈረው እዚህ ነው። እኛ ስንደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ሻንጣ ላይ ቁጭ አልን። አንዲት ልጅ ከሰል አያይዛ ጀበና ጥዳለች። ብርዱ አጥንት ይገባል።

"ይሄ ሲቪታቬኪያ ነው" አሉ አጎቴ ዙሪያውን እያዩ።

"ምን?"

"የሮም ወደብ። ሮም ብለው ቲኬት ይሸጡልሃል፤ መርከቡ የቆመው ግን ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ለንደን የሚሉህም ብዙ ጊዜ ሳውዝሃምፕተን ነው። እሱማ ጭራሽ ይርቃል።"

ታዲያ መነሻ ወደብ የሚመረጠው በምንድን ነው? አልኳቸው። ባሕሩ ያማረበት ቦታ ይመስለኝ ነበር።

ሳቁ። የጋልቬስተን ውሃ ጭቃ ነው የሚመስለው አሉ፤ ወንዞች ደለል እያመጡ ያደፈርሱታል። ሰማያዊ ውሃ ያማረው እዚያ አይሄድም። ግን ከወደቡ ጀርባ ቴክሳስ አለ፤ ወደ 30 ሚሊዮን ሕዝብ። ይሄ ሁሉ ሰው አውሮፕላን ሳያስፈልገው የራሱን መኪና ነድቶ ይመጣል። አራት ልጅ ላለው አባት የስድስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካውያን መብረር ሲፈሩ ኩባንያዎቹ መርከቦቻቸውን ሰው በመኪና ወደሚደርስባቸው ወደቦች በተኑ። ሰውየው ወደ መርከቡ ካልመጣ መርከቡ ወደ ሰውየው ይሄዳል። ሮያል ካሪቢያንም በ2022 እዚያው ጋልቬስተን ላይ በ125 ሚሊዮን ዶላር የራሱን ተርሚናል ከፈተ። ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ኩባንያ ነገ ጠዋት ተነስቶ አይሄድም።

"ማያሚስ?"

"ማያሚ ሁሉም አለው።" አውሮፕላኑ ከየአገሩ ይገባል። ማታ የተነሳ መርከብ ጠዋት ባሃማስ፣ ናሳው ነው። ከጋልቬስተን ግን ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ያልፋል። ስለዚህ የሦስት ቀን ጉዞ ከማያሚ ያምራል፤ ከጋልቬስተን ሲሆን ረዘም ማለት አለበት። ታምፓ ደግሞ ጥሩ ከተማ ነው፣ ሰው አለው፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለው። ግን የወደቡ መግቢያ ላይ ስካይዌይ የሚባል ድልድይ አለ። ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ 55 ሜትር ያህል ነው። ትልልቆቹ መርከቦች በሥሩ አያልፉም። አንድ ድልድይ ከተማውን ከትልልቆቹ ገበያ አስወጣው ማለት ነው።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ሰው ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ማራገፍ አይችልም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚሰቅሉት። እንዲህ ያለ መርከብ ወደተነሳበት ወደብ ቢመለስም መንገዱ ላይ የሌላ አገር ወደብ መንካት አለበት። ስለዚህ ከሲያትል ተነስቶ አላስካን ዞሮ የሚመለሰው መርከብ መንገዱ ላይ ካናዳ፣ ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ፣ ጎራ ይላል። አንዳንዴ የሚቆመው ለአንድ ምሽት ብቻ ነው። ለሕጉ ሲባል።

"ለእኛስ አንድ ቢያመጡልን" አለች ቡና የምትቀዳው ልጅ። ለካ ስታዳምጠን ነበር።

"የት ታቆሚዋለሽ ልጄ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ?" አሏት።

ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጡ ሥራቸው ላይ ስለሚጠሉት ቀን አወሩኝ። መርከቡ ማለዳ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይወጣል። በዚያች ቀን ከ5 ሺህ በላይ ሰው ይወርዳል፣ ሌላ 5 ሺህ ይሳፈራል። ሻንጣው ይራገፋል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ስጋና አትክልቱ በከባድ መኪና ይገባል፣ ነዳጅ ይሞላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የማይችል ወደብ መርከብ ጎብኝቶት ይሄድ እንደሆነ እንጂ መነሻ አይሆንም። ክረምታቸው ላይ ደግሞ ጋልቬስተን ጉም ይወርድበታል። መግቢያው ይዘጋል። መርከቡ ባሕር ላይ ይቆማል፤ የወደቡ ጎዳና በመኪና ይሞላል። አንድ ቀን 11 ሰው ጭነው ስድስት ሰዓት ጠበቁ። ሽንት ቤት ፍለጋው ብቻውን አንድ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

በሩ ተከፈተ። መታወቂያና ቲኬት አሳዩ፣ ሻንጣው ተፈተሸ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ዞር ብለው "ጥሩ ሰፊ ቦታ ነው፤ የሚያደርስ ቫን ነው የጎደለው" አሉኝና ገቡ።

መመለሻዬ ላይ ራይድ ብጠራ ብጠራ የሚያነሳ ጠፋ። ዋናው መንገድ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ "ሜክሲኮ በሳር ቤት! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!" ይላል። ገብቼ ስቆጥር የጎደለው ሰባት ሰው ነው። ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ስልኬ ጠራ። አጎቴ ናቸው።

"ኢንዶዴ የሚባል ጣቢያ አለፍን። አንተስ፣ ቤት ደረስክ?"

"አይ፣ ገና ሁለት ሰው ይቀረናል" አልኳቸው።