ግልባጩ የት ሄደ?

«ተሰብስባችሁ ምን ታመጣላችሁ?» ይለኛል ልጄ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወደ እድሩ ቤት፣ ወደ እኛ ጡረተኞች ስብሰባ ስወጣ ሁልጊዜ ይህችን ይጠይቀኛል። ዛሬ በደንብ ልመልስለት።

ከመካከላችን አንድ የሒሳብ መምህር አሉ። 34 ዓመት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ የተቆጠረላቸው 30 ብቻ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠሩበት ገጠር ትምህርት ቤት ያሳለፉት 4 ዓመት ማስረጃው ከፋይላቸው የለም። ጠየቁ፤ «ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። ማስረጃው ደግሞ ያው ከፋይሉ የጠፋው ወረቀት ነው። ሁለት ዓመት ብቻቸውን ተመላለሱና ተዉት። «እግሬም ዛለ፣ ሆዴም ባባ» ነው ያሉን።

እኛ ጡረታ በወጣንበት አዋጅ አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዙ አማካይ ተወስዶ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ያገኛል፣ 34 ዓመት ያገለገለ 60። አምስት በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ግን በየወሩ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው፤ እሳቸው ቢያልፉ እንኳ ለባለቤታቸው የሚተርፈው የአበሉ ግማሽ ስለሆነ ጉድለቱ እሳቸውን ተከትሎ አይቀበርም፣ ቤት ውስጥ ይቀራል።

ጉዳዩን ስብሰባ ላይ ሲያነሱት አንዲት ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ እናት «ግልባጩስ የት ሄደ?» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ቀጠሉ። የዝውውር ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የሚደረደረው ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ለፋይናንስ ይሄዳል፣ አንዱ ወደሚዛወሩበት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ወረዳ ይቀራል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። ሦስት ሆነን ከመምህሩ ጋር ሄድን፣ በሦስተኛው ቀን የደብዳቤው ግልባጭ ከፋይናንስ አሮጌ ሳጥን ወጣ። የቅጥር ቀናቸው እላዩ ላይ ተጽፏል! መምህሩ ወረቀቱን ይዘው ቆመው አለቀሱ፣ እኔም አልቅሻለሁ። አራቱ ዓመታት ተቆጠሩላቸው።

ልጄ፣ ይኸውልህ ያመጣነው።

ሁሉም ነገር ግን በግልባጭ አይፈታም። እኔ ጡረታ የወጣሁት በ2010 ነው። ደመወዝ ሲጨመር የእኔ ጡረታ አብሮ አይነሳም፤ መንግሥት ማስተካከያ ካልወሰነ በስተቀር ያው ነው። ገበያው ግን አይጠብቀኝም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን ብዙው ከውጭ የሚመጣ ነው። በየቀኑ ኪኒኑን የሚውጠው ደግሞ ማን ሆነና? እኛው ነን። ከመካከላችን አንድ ቀን እየዘለሉ የሚውጡ እንዳሉ ያወቅሁት ስብሰባ ላይ ነው፤ ለልጆቻቸው አልተናገሩም። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የጤና መድን ሕግ እኮ አለን። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ነው፣ ጡረተኛውንም ስም ጠርቶ ያካትታል። ከአበላችን 1 በመቶ እኛ፣ 1 በመቶ መንግሥት እንዲያዋጣ ነው የታሰበው። ሥራ ላይ ሲውል እናያለን እያልን ስምንት ዓመት አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ሳይጀመር። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደግሞ በዋናነት የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። እኛ መሐል ላይ ቀረን። 1 በመቶዬን ነገ ብጠየቅ እሰጣለሁ፣ በደስታ!

ስለዚህ አሁን የያዝነው ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው በወር ስንት ብር ጡረታ እንደሚያገኝና ስንቱ ለመድኃኒት እንደሚወጣ በአንድ መዝገብ እንጽፋለን፣ ከደረሰኝ ጋር። «ኑሮ ከበደን» ማለትን ሁሉም ይላል፣ ሰሚውም ለምዶታል። ደረሰኝ የተያያዘበት፣ ሁሉም የፈረመበት አቤቱታ ግን መልስ ይጠይቃል። ደግሞ በአበል ውሳኔ ቅር ያለው ሰው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚባል እንዳለ ይወቅ። የጊዜ ገደብ ስላለው ቤት ተቀምጣችሁ አትዘኑ፣ ቶሎ ጠይቁ።

ገና በሥራ ላይ ያላችሁ ልጆችም ስሙኝ። የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የዝውውሩንም፣ የእድገቱንም፣ ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። የትውልድ ዘመናችሁ በቅጥር ፎርሙ ላይ በትክክል መጻፉን ዛሬውኑ እዩ፣ በኋላ ማስተካከል እሳት ነው።

እናንተ ጡረተኞች ደግሞ ቅዳሜ ስትመጡ የመድኃኒት ደረሰኛችሁን እንዳትረሱ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።