በጥር ያልደረሰ ጥያቄ ለሐምሌ አይደርስም

የከተማ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው፣ ሐምሌ ላይ በምክር ቤት የሚጸድቀው በጀት ይዘቱ የሚወሰነው ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት መሆኑን ነው። የሰፈራችን ቦይ ሞልቶ ጎርፍ ቤት የሚገባው ደግሞ ክረምት ላይ ነው። እሮሯችን ነሐሴ ላይ ያይላል፣ ኅዳር ላይ ጭቃው ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፣ ጥር ላይ ቀበሌ ሲጠራን አዳራሹ ባዶ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ጅማ ይህ የጊዜ መተላለፍ ከገንዘብ እጥረት ያላነሰ ይጎዳናል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ ከየት ኪስ እንደሚወጣ መለየት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መንግሥታዊ ከሚባሉት ሥራዎች ናቸው፤ በጀታቸው በዋናነት ከክልል በድጎማ ይመጣል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ፣ የመቃብር ስፍራ ደግሞ ማዘጋጃ ቤታዊ ናቸው። ወጪያቸው የሚሸፈነው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ነው፤ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ከሱቅና ከመደብ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። ውኃ የራሱ ታሪፍና የራሱ ሒሳብ አለው። መብራት ከነአካቴው ከከተማው እጅ ውጭ ነው። ስለዚህ በአንድ ስብሰባ ላይ “ትራንስፎርመር፣ ተጨማሪ መምህር፣ ኮብልስቶን፣ ቦኖ” ብሎ አንድ ላይ የጠየቀ ነዋሪ አራት የተለያዩ በሮችን አንኳኩቷል። ቀበሌው ሊወስን የሚችለው የትኛውን እንደሆነ መድረኩን የሚመራው ሰው መጀመሪያ ላይ ካልተናገረ፣ ከሦስት ሰዓት ውይይት ሁለቱ እዚያ ለማይወሰን ጉዳይ ይውላል።

ከዚህ ውጭ የፕሮግራም ገንዘብ አለ። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረውና ዩአይአይዲፒ እየተባለ የሚጠራው የከተሞች ተቋማትና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ ከተማው በየዓመቱ ይገመገማል፣ በውጤቱ ልክ ይሰጠዋል። ከሚጠየቁት ነገሮች ዋናው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ነው። ይህ ዕቅድ ተንከባላይ ነው፤ አንዱ ዓመት ሲያልፍ ከኋላ አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ለነዋሪ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ “ተይዟል” የሚለውን መልስ ይዞ መሄድ አይበቃም። የስንተኛ ዓመት ዝርዝር ላይ ተቀመጠ? የዋጋ ግምት አለው? ከየትኛው ኪስ? እነዚህ ሦስቱ የተመለሱለት ሥራ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ያልተመለሱለት ገና ቃለ ጉባኤ ላይ ያለ ሐሳብ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልቆይ፤ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል? የጎርፍ ቦይን እንውሰድ።

“ቦይ ይሠራልን” የሚል ጥያቄ ለመሐንዲስ ምንም አይነግረውም። ከጅረን ተረተር የሚወርደው ውኃ አዌቱ ገብቶ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ የሰፈር ቦይ የዚህ ጉዞ ቁራጭ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ ነው መታየት ያለበት፤ መጀመሪያ መድረሻው፣ ቀጥሎ መነሻው። መድረሻ የሌለው ቦይ የእኛን ጎርፍ ወስዶ ከታች ያለ ጎረቤት በር ላይ ይደፋዋል። ሁለተኛ ክረምት ሳይመጣ ደግሞ የታችኛው ሰፈር ሰው የቦዩን አፍ በአፈር ይደፍነዋል፤ ወዶ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት አራት ሰው ሆኖ፣ ሜትር ወይም ምልክት የተደረገበት ገመድ ይዞ፣ ዝናብ እየዘነበ ወይም እንዳባራ መሄድ ያስፈልጋል። የሚመዘገበው ይህ ነው፦ ውኃው ከየት ይነሳል፣ ወዴት ይገባል፣ መሐል ያለው ርቀት ስንት ሜትር ነው፣ ውኃ የገባባቸው ቤቶች ስንት ናቸው፣ ውኃው ግድግዳው ላይ እስከ ምን ድረስ ደረሰ፣ መስመሩ ላይ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ ቧንቧ ወይም ወደ መንገድ የወጣ አጥር አለ ወይ። ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ ይጨመርበት። ተዳፋቱ ከ100 ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልወረደ ቦዩ ደለል እንደሚይዝ መሐንዲሱ ያውቃል፤ ሜዳ የሆነውን ክፍል ምልክት አድርጎ ማሳየት ግን የነዋሪው ድርሻ ነው፤ መሐንዲሱ ክረምቱን አላየውምና። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ነሐሴ ላይ ተጽፎ ጥር ላይ የሚቀርብ አንድ ገጽ፣ ከመቶ ሰው ጭብጨባ ይልቅ የዋጋ ግምት ያሠራል።

የቦይ ነገር ከተነሳ ጥገናውንም ማንሳት ግድ ነው። ስብሰባ ላይ አዲስ ቦይ የሚጠይቅ ሞልቷል፣ ያለው እንዲጠረግ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይታይም። የጫት ገረባና የታሰረበት ኮባ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ቱቦው ውስጥ ተጋግሮ ይቀመጣል። ክዳኑ በሲሚንቶ ከታሸገ ደግሞ የሚጸዳበት መንገድ የለም፤ በየተወሰነ ሜትሩ በእጅ የሚነሳ ክዳን በዲዛይኑ ላይ ካልተሳለ በኋላ ላይ በመዶሻ መስበር ይመጣል። ጠረጋው ሚያዝያ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ከቱቦ የወጣው ደለልም ዳር ላይ ተቆልሎ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ የሚጭነው መኪና ከጠራጊዎቹ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

ኮብልስቶንም የራሱ ቅደም ተከተል አለው። 200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 1,200 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ወደ 90 ድንጋይ ቢሄድ ከ100 ሺህ በላይ ድንጋይ አንድ በአንድ በእጅ ይደረደራል። ይህን ያህል ሥራ ከፈሰሰበት በኋላ “የውኃ መስመር ረስተን ነበር” ብሎ መቆፈር በጣም ያሳዝናል፤ የተቆፈረው ቦታ እንደገና ቢደረደርም ከሥሩ በደንብ ስለማይጠቀጠቅ ይሰምጣል። መጀመሪያ የውኃና የስልክ መስመር፣ ቀጥሎ ቦይ፣ ከዚያ ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለው የተመረጠ አፈር ተነጥፎ ጥቅጠቃ፣ ከርብ (የመንገዱን ዳር የሚይዘው ድንጋይ)፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሸዋ፣ በመጨረሻ ድንጋይ። ከርብ የሌለው ዳር ይፈርሳል። ከሥሩ ብላክ ኮተን የሚባለው ጥቁር አፈር ሳይወጣ የተነጠፈም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩ ይላወሳል። ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶ በሚያሠራበት ጊዜ ከመዋጮው በፊት የውኃ አገልግሎቱና የቴሌ ሰው መስመሩን አይተው እንዲፈርሙ መጠየቅ ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ብርም የታተመ ሕጋዊ ደረሰኝ።

ወደ ስብሰባው እንምጣ። ቀኑ ራሱ ማን እንደሚመጣ ይወስናል። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው፤ ያን ቀን ስብሰባ መጥራት ነጋዴዎችንና ሴቶችን አትምጡ እንደ ማለት ነው። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። የቡና ለቀማ በሚበረታበት ጊዜ በዳር ያሉት ቀበሌዎች ሰው ቤቱ አይገኝም። ለእኔ የሚሻለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ፣ አጀንዳው ከሳምንት በፊት በእድሮች በኩል የተነገረ ስብሰባ ነው። እድርን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የእድር መዝገብ ላይ የሞተውም የመጣውም ቤተሰብ ወዲያው ይታወቃል፤ ጥሩንባው በተነፋ ሰዓትም ሰው ይሰበሰባል።

ቋንቋም አለ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማስታወቂያውም ቃለ ጉባኤውም በቁቤ ነው የሚጻፈው። በአማርኛ የሚናገር ነዋሪ አዳራሽ ውስጥ ሐሳቡን በአማርኛ መስጠት ይችላል፤ ግን የተናገረው እንዴት እንደተጻፈ ሳያረጋግጥ ባይሄድ ጥሩ ነው። ቁቤ የሚያነብ ጎረቤት ይዞ “የእኔ ሐሳብ የትኛው መስመር ላይ ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። “በሰይድ ሱቅ በኩል ያለው መንገድ” ተብሎ የተነገረ ቦታ በጽሑፍ ላይ ሌላ መንገድ ሆኖ ሲገኝ ስህተቱ ወደ ዲዛይን ይሻገራል። ስለዚህ ቦታ ሲጠራ ከሁለት የታወቁ ምልክቶች ጋር ይጠራ፤ ከዚህ መስጊድ እስከዚያ ድልድይ።

ማን ይጠራል የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ጥሪው በአብዛኛው ለባለ ቤቶች ነው። ጅማ ግን የተከራይ ከተማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያመጣው ተማሪና ሠራተኛ፣ ከገጠር ለሥራ የሚመጣው ወጣት ግቢ ውስጥ ባሉ ክፍሎች ይኖራል። አንድ ግቢ በመዝገብ አንድ ቤተሰብ ነው፣ በቆሻሻና በውኃ ግን ስድስት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቁጥር ሲሳሳት አገልግሎቱ በሙሉ ይሳሳታል። የ1999ኙ ቆጠራ ጅማን በ120,960 ሰው መዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፣ በየጊዜው ተራዝሟል። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ በዓመት 3 በመቶ ዕድገት የገመተና 5 በመቶ የገመተ ሁለት ዕቅድ አውጪ በ15 ዓመት ውስጥ ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይለያያሉ። ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የውኃ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር፣ ማለትም 4 ጀሪካን ነበር። ልዩነቱ በዚህ ሲባዛ በቀን ወደ 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። አንድ ሰፈር በፈረቃ ውኃ የሚያጣው አንዳንዴ ቧንቧው ተሰብሮ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቆጠራ ውስጥ ስላልነበረ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በጋሬ (ከቀበሌ በታች ባለው የነዋሪዎች ቡድን) ደረጃ፣ በታኅሣሥ፣ ተከራይን ጨምሮ በግቢ የሚኖረውን ሰው መቁጠር። አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜና እሑድ 30 ግቢ ይጨርሳል።

በዚሁ ሒሳብ ቆሻሻን ማየት ይቻላል። 2,000 ቤተሰብ፣ በአማካይ 5 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ብንይዝ 50 ኩንታል ነው። አንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ቢመዝን በቀን 17 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ ሁለት ጊዜ ይሞላል። በሳምንት ሁለቴ የሚነሳ አንድ ገንዳ ከተመደበለት፣ የሳምንቱን ቆሻሻ ሰባተኛ እጅ ብቻ ነው የሚያነሳው። የተረፈው የት እንደሚሄድ አዌቱ ዳር ቆሞ ማየት ነው። ከቤት ከሚወጣው ግማሽ ያህሉ የሚበሰብስ ስለሆነ ጓሮ ያለው ቤት ቢያዳብረው ጭነቱ በግልጽ ይቀንሳል።

ሥራ ከጸደቀ በኋላ የሚበላሸው በብዛት በጨረታና በዝናብ መካከል ነው። ሐምሌ ላይ በጀት ጸደቀ እንበል። ዲዛይን መስከረም ላይ ከተጀመረ ኅዳር ይደርሳል፤ ጨረታ፣ ግምገማ፣ ቅሬታ መስሚያ ሲባል ውል የካቲት ላይ ይፈረማል፤ ተቋራጩ ማሽን ሲያስገባ መጋቢት ነው። ከዚያ ዝናቡ እየበረታ ይመጣል። በጅማ ለአፈር ሥራ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው አራት ወር ነው፤ እሱ በወረቀት ላይ አለቀ ማለት ነው። ሰኔ ላይ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ እርጥብ አፈር ላይ ይነጠፋል። ለዚህ ነው የዲዛይን ገንዘብ ከግንባታው አንድ ዓመት ቀድሞ መያዝ ያለበት። የምክር ቤት አባል ማነጋገር የሚችል ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያነሳ ይህን ያንሳ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ከታቀዱት ሥራዎች ዲዛይናቸው ያለቀ ስንት ናቸው?

አስተዳደሩም የሚጎድለው ነገር አለ፤ ተመልሶ መንገር። ከ40 ጥያቄ ስድስቱ ቢመረጡ ነዋሪ ይረዳል። የማይረዳው ስለ 34ቱ አንድም ቃል ሳይሰማ በሚቀጥለው ጥር ያንኑ ጥያቄ እንዲያቀርብ መጠራቱን ነው። በቀበሌው በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ጥያቄው፣ የተያዘበት ዓመት፣ ካልተያዘ ምክንያቱ፣ ጉዳዩ የሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ በስንት ቀን በደብዳቤ እንደተላለፈ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያ በብዙ ውሎች አንድ ዓመት የሚሆን የብልሽት ኃላፊነት ጊዜ አለ፤ ከክፍያው 5 በመቶ ገደማም ተይዞ ይቆያል። በዚያ ዓመት ውስጥ የሰመጠ ድንጋይ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ውኃ የማያሳልፍ ቦይ የሚጠገነው በተቋራጩ ወጪ ነው። ጊዜያዊ ርክክቡ የተፈረመበትን ቀን ከቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ጠይቆ መጻፍ፣ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ መስመሩን በእግር ሄዶ ጉድለቱን በሜትር መመዝገብ፣ የመጨረሻው ርክክብ ሳይፈረም ሁለት ወር ሲቀረው በጽሑፍ አስገብቶ የገቢ ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል።