ሁለት ጊዜ የተጠራች እናት

ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ ተዋናይቷ አይሪን ፓፓስ የሠራችበትን ‹‹ኢፊጌንያ›› የሚባል ፊልም አየሁ። ሲያልቅ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ላፕቶፑን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ ቁጭ አልኩ። እናቴ ጋ መደወል አማረኝ፤ ግን በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮህባት ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት።

አይሪን ፓፓስን ያወቅኳት በልጅነቴ ነው። ስለ ሊቢያዊው አርበኛ ዑመር አል ሙኽታር የተሠራው ‹‹የበረሃው አንበሳ›› ቤታችን በካሴት ነበር። ግራዚያኒ ብቅ ባለ ቁጥር አባቴ ‹‹አያችሁት? የየካቲት 12ቱ እሱ ነው›› ይለናል። እዚያ ውስጥ ፓፓስ የምትሠራት ማብሩካ የምትባል ሴት አለች። ፊቷ ከልቤ አልወጣም። እውነተኛ ሊቢያዊት ትመስለኝ ነበር። ግሪካዊት መሆኗን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሙሉ ስሟ ኢሪኒ ሌሌኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ቆሮንቶስ አጠገብ ባለች ሂሊዮሞዲ በምትባል መንደር ተወለደች። አባትም እናትም አስተማሪዎች ነበሩ። በ15 ዓመቷ አቴንስ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች። ፓፓስ የሚለው ስም የመጀመሪያ ባሏ የዳይሬክተሩ የአልኪስ ፓፓስ ነው። ትዳሩ ብዙ አልቆየም፤ ስሙ ግን አብሯት ቀረ። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ‹‹ዞርባ›› ላይ ባለችው ባሏ የሞተባት ሴት ነው። እኔን የያዘችኝ ግን በ‹‹ኤሌክትራ›› ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሚካኤል ካኮያኒስ የሠራው ፊልም ነው። ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥታኝ ዶርም ውስጥ አየሁት። ኤሌክትራ የተገደለውን አባቷን ስታዝን ፀጉሯን ትቆርጠዋለች። ዙሪያዋን ጥቁር የለበሱ የገጠር ሴቶች ቆመዋል። እኔ ይሄንን አውቀዋለሁ አልኩ። አያቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀምጣለች። ከሺህ ዓመታት በፊት የተጻፈ የግሪክ ድራማ ሳይሆን ሰፈራችን ድንኳን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

ኤሌክትራ እናቷን ክሊተምኔስትራን ትጠላታለች። አባቷን ያስገደለች እሷ ናታ። እኔም ያኔ ከእናቴ ጋር አልነጋገርም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ለሥራ ጅዳ ሄዳ አሥር ዓመት ቀረች። የትምህርት ቤት ክፍያዬም ጫማዬም በእሷ ብር ነበር፤ እኔ ግን ‹‹ትታኝ ሄደች›› ከማለት ውጪ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ስለዚህ ፊልሙን ሳይ ሙሉ በሙሉ የልጅቷ ወገን ሆንኩ። እናትየው ስትናገር አልሰማኋትም።

ከዚያ በኋላ ድርሰቱን ፈልጌ አነበብኩት። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ኤውሪፒደስ በጻፈው ላይ ኤሌክትራ እናቷን እንዴት እንደምታስመጣት አያችሁ? ‹‹ወልጃለሁ›› ብላ ትልክባታለች። ያቺ ሁሉ ክፉ የሚባልባት ሴት ትመጣለች። አራስ ልትጠይቅ ጎጆ ትገባለች፣ እዚያው ትገደላለች። ሃያ ዓመቴ ላይ ይሄንን እንደ ብልሃት አንብቤ አለፍኩት።

እ.ኤ.አ. በ1967 ግሪክን ወታደሮች ያዙ። ፓፓስ በግልጽ ተቃወመቻቸው፣ ዓለም ከእነሱ ጋር የባህል ግንኙነት እንዲያቋርጥ ጠየቀች። አገዛዙ በ1974 እስኪወድቅ ድረስ ስደት ላይ ቆየች። በ1968 ኒውዮርክ መድረክ ላይ ክሊተምኔስትራን ሆና ሠራች፤ በ1973 ደግሞ የሌላ ጥንታዊ የግሪክ ድራማ ሴት፣ ሜዴያን። አገሯ ከገባች በኋላ፣ በ1977፣ ያው ካኮያኒስ ‹‹ኢፊጌንያ››ን ሲሠራ እንደገና ክሊተምኔስትራ ሆነች። በ‹‹ኤሌክትራ›› የጠላቻትን እናት ከ15 ዓመት በኋላ ራሷ ሆና መጣች ማለት ነው።

የታሪኩ መነሻ እዚህ ነው። የክሊተምኔስትራ ባል፣ የኤሌክትራ አባት፣ የንጉሥ አጋሜምኖን መርከቦች ነፋስ አጥተው ወደብ ላይ ቆመዋል። ነፋስ እንዲነሳ ልጁ ኢፊጌንያ መሠዋት አለባት ተብሏል። ሚስቱ ጋ ይልካል፤ ‹‹ልጃችንን አምጫት፣ ለጀግናው አኪሌስ ልንድራት ነው›› ብሎ። እናትየው ለሠርግ ትመጣለች፣ የሙሽራ ዕቃ ይዛ። እውነቱን ስትሰማ የፓፓስ ፊት ላይ የሚሆነውን መጻፍ ያቅተኛል። ትለምናለች፣ ትጮኻለች፣ አኪሌስን ትማጸናለች። ልጅቷን የሠራችው ታቲያና ፓፓሞስኩ ገና ትንሽ ልጅ ናት፤ ትናንት ፊቷን ባየሁት ቁጥር መኝታ ቤቱ በር ላይ ዓይኔ ይሄድ ነበር።

ይቺ ሴት ሁለት ጊዜ ተዋሽታለች። አንዴ ባሏ ‹‹ሠርግ ነው›› አላት። አንዴ ልጇ ‹‹ወልጃለሁ›› አለቻት። ሁለቱንም ጊዜ መጣች። መጨረሻ ላይ ነፋሱ ይነሳል፣ መርከቦቹ ይሄዳሉ፣ እሷ ፀጉሯን ነፋስ እየመታው ዝም ብላ ታያቸዋለች። የኤሌክትራ ጣጣ ሁሉ እዚያ ዓይን ውስጥ ተጀምሯል። በ‹‹ኤሌክትራ›› እናትየውን ያልሰማኋት እኔ፣ አሁን ገና ሰማኋት።

ፓፓስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት በሽታ ያዛት። ያንን ሁሉ የኤውሪፒደስ ቃል በቃሏ የያዘች ሴት ናት እኮ። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2022 በ93 ዓመቷ፣ እዚያው ሂሊዮሞዲ ውስጥ አረፈች።

ልጄን የወለድኩ ዕለት እናቴ ጋ አልደወልኩም። እህቴ ነግራት መጣች። ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጥ ቤት ገባች። ገንፎውን ይዛ ስትመለስ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬውን አፍስሳበት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ ቆርሳ፣ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና ‹‹በይ አፍሽን ክፈቺ›› አለችኝ።