የወሩ መነሻ ሐሳብ፦ ከውጊያው ወዲያ

የሸራ መርከብ ዘመን የባሕር ጀብዱ ልቦለድ ለምንወድ ሰዎች በየወሩ አንድ የመጻፊያ መነሻ ሐሳብ ማውጣት ቀላል ይመስላል። ሁለት መርከቦች ተገናኙ፣ ተታኮሱ፣ በቃ ጻፉ። እኔ ይሄን አልወደውም። ውጊያ ሁላችንም ደጋግመን ጽፈናል፤ ጭሱም የሚወድቀው ምሰሶም እየተመሳሰለ መጥቷል። ጥሩ መነሻ ከመርከብ ኑሮ አንዲት ትንሽ ነገር መዝዞ ገጸ ባሕርይውን መውጫ የሚያሳጣው ነው።

ኦክቶበርን እንይ። ሁሉም እንግሊዞች ያሸነፉበትን የትራፋልጋርን የባሕር ውጊያ ያነሳል፤ አዛዣቸው አድሚራል ኔልሰን እዚያ የሞተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805 ነውና። እኔ ግን የምመርጠው ወሬውን ነው። የድሉንና የሞቱን ደብዳቤ ይዛ ወደ እንግሊዝ የሄደችው ፒክል የምትባል ትንሽ መርከብ ነበረች። አዛዧ ሌፍተናንት ላፔኖቲየር ኖቬምበር 4 ፋልመዝ በምትባል የእንግሊዝ ወደብ ወረደ፤ ከዚያ በሰረገላ፣ በየመንገዱ ፈረስ እያስቀየረ ገስግሶ ኖቬምበር 6 ገና ሳይነጋ ለንደን ገባ። ከሁለት ሳምንት በላይ ማለት ነው! ያን ሁሉ ቀን ልጃቸው ወይ ባላቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቁ በልተው የተኙ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ጻፉ፦ ፈረስ የሚቀይረው ሰውዬ ልጁ መርከበኛ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ይቸኩላል። ምን ይጠይቀዋል?

ሰዓትም ጥሩ መነሻ ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ፈረቃው አራት አራት ሰዓት ነበር፤ ደወሉም በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል። ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ያለው ግን ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በቀን ሰባት ፈረቃ ይሆናል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ መርከበኛው በሁለት ቡድን ሲከፈል ዛሬ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቆመው ቡድን ነገ በዚያው ሰዓት ይተኛል። ሁለት ወዳጆችን በተለያየ ቡድን አድርጓቸው፣ ከዚያ አንድ አስቸኳይ ምስጢር ስጧቸው።

የዚህ ወር መነሻ ግን ዳቦ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1789 ባውንቲ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ መርከበኞች አመፁና አዛዣቸውን ካፒቴን ብላይን ከ18 ሰዎች ጋር ሰባት ሜትር ገደማ በሆነች ክፍት ጀልባ ላይ ለቀቋቸው። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ቲሞር ደረሱ። ብላይ ምግቡን የሚያካፍለው በኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ሚዛን ነበር፤ መመዘኛው የሽጉጥ ጥይት። ይሄ ሚዛን በጣም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም የሁሉም ዓይን ያረፈበት፣ ሥልጣንም ረሃብም ፍትሕም አንድ ላይ የተንጠለጠለበት ዕቃ ነው።

አንድ የምግብ ክፍፍል ብቻ ጻፉ። ማዕበል አይነሳ፣ መሬትም አይታይ። ተራኪው ብላይ ባይሆን ይሻላል፤ ከሌሎቹ አንዱን ያዙ፣ በተለይ ድርሻው ከጎኑ ካለው ሰው ያነሰ የመሰለውን። ርዝመቱ እንደወደዳችሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አላችሁ።