የወይዘሮ ሜሪ ኬክና የእናቴ አጥሚት

በ1990 ዓ.ም. ክረምት ደጀን በሚገኘው ቤታችን ውስጥ እናቴ የአጃ አጥሚት ይዛ ከታላቅ ወንድሜ መደብ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፉት በልልኝ» ትለዋለች። እርሱም እናቱን ላለማሳዘን ይጎነጭና ጥቂት ሳይቆይ መልሶ ያወጣዋል። ወንድሜ የዓባይን በረሃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ ደግፌ አስቀምጠው ነበር። የበሽታውን ስም ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም። ፀበል ተወሰደ፣ ማርና ተልባ ተሞከረለት፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልመለስ አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነውና፣ አልደረሰለትም።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ሳነብ ያገኘኋቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ከዚያ መደብ አጠገብ መልሰው አስቀመጡኝ።

ሜሪ ጄን ራትበን እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ተወልደው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ያሳለፉ፣ አንዲት ልጃቸውን በመኪና አደጋ የተነጠቁ ሴት ነበሩ። ብራውኒ በሚባለው የቸኮሌት ኬክ ውስጥ ካናቢስ፣ በተለምዶ ሐሺሽ የሚባለውን ዕፅ፣ እየጨመሩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መሸጥ የጀመሩት ግን ለበጎ ሥራ ሳይሆን ገቢያቸውን ለመደጎም ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ስለ ተሟጋቾች ሲጻፍ ከማኅፀን ጀምሮ ቅዱሳን የማድረግ ልማድ ስላለ ነው። በ1981 ፖሊስ ቤታቸውን ሲፈትሽ ስምንት ኪሎ የሚሆን ካናቢስ አገኘ። ፍርድ ቤቱ እስር ቤት ከመላክ ይልቅ 500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረደባቸው፤ እርሳቸውም በ60 ቀናት ጨረሱት። ዓመቱ ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበበት ነበር። ከቅጣቱም በኋላ በዚሁ በሽታ የታመሙትን መርዳት አልተዉም፤ በከተማዋ አጠቃላይ ሆስፒታል የኤድስ ክፍል በፈቃደኝነት እየሠሩ፣ ዱቄቱንና ስኳሩን ከጡረታቸው እየገዙ፣ ሰዎች በነጻ የሚሰጧቸውን ካናቢስ በኬክ እየጋገሩ በነጻ ያድሉ ጀመር። ፈላጊው ሲበዛባቸው የሕሙማኑን ስም በብስኩት ማሰሮ ውስጥ ጨምረው ዕጣ ያወጡ ነበር።

በዕቁብና በማኅበር ላደግን ሰዎች ዕጣ የተለመደ ነገር ነው፤ ለመብላት መቻል ዕጣ ማውጣት ግን ሌላ ነው።

ወይዘሮ ሜሪ የሚወደውን ሰው በኤድስ ካጣው ከዴኒስ ፔሮን ጋር ሆነው ሕጉ እንዲለወጥ ይቀሰቅሱ ነበር። በ1992 እንደገና ተይዘው ክሱ ተቋረጠላቸው፤ በዚያው ዓመት የከተማዋ ምክር ቤት ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን በስማቸው ሰየመ። በኅዳር 1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ሐኪም የመከረለት ሕመምተኛ ካናቢስ እንዲጠቀም የሚፈቅደውን ድንጋጌ ቁጥር 215 በድምፅ አጸደቀ። የእኛው የወንጀል ሕግም በ1996 የወጣ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ግን ሌላ 1996 ነው፣ አንቀጽ 525ቱም አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል።

ይህን የምጽፈው ወጣቱ ጭስ እንዲስብ ፈልጌ አይደለም። በተክሉ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮን ያደበዝዛል፣ የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ በሆኑ ወጣቶችም ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይኸው ንጥረ ነገር ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀሰቅሳል፤ በላቦራቶሪ የተሠራው ዓይነቱ፣ ድሮናቢኖል፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 በካንሰር ሕክምና (ኬሞቴራፒ) ምክንያት ለሚያስመልሳቸው፣ በ1992 ደግሞ ከምግብ ፍላጎት ማጣት የተነሣ ለሚከሱ የኤድስ ሕሙማን ተፈቅዷል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽንም በታኅሣሥ 2020 በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ አደገኛና የሕክምና ጥቅሙ ኢምንት ከሚባሉት ዝርዝር አውጥቶታል፤ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ግን ይቆያል። ስለዚህ ጥያቄዬ ተክሉ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ሳይሆን፣ መጠኑ ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው እንክብል ለምን ከሐሺሽ ጋር ተደባልቆ ይታያል የሚል ነው። ጫቱም አረቄውም በአደባባይ በሚሸጥበት አገር ስለ ሱስ ያለን ድንጋጤ መራጭ መሆኑን ሳልታዘብ አላልፍም።

ባለፈው ፋሲካ ደጀን ወርጄ ይህን ታሪክ ለእናቴ አጫወትኋት። ስለ ሕጉም ስለ ፖሊሱም አልጠየቀችኝም።

«ይበሉላቸው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ይበሉላቸው ነበር።»

ቡናውን ቀድታ ሲኒውን ካቀበለችኝ በኋላ፣ «ዕጣው ያልወጣላቸውስ?» አለች።